የተዋስሽው ስም

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ እታለማሁ

ጤናዎ እንዴት ነው? የእግርዎ እብጠት ተሻለዎት ወይ? እኔና ልጄ ፅዮን ደኅና ነን። መድኃኔዓለም በሰው አገር ከክፉ ነገር ይሰውርዎት።

እትዬ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ እንደ ወትሮው ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ከሥራ ታግጃለሁ። ወይዘሮ የትምወርቅን መቼም አይረሷቸውም፤ ከአጥራችን ቀጥሎ የሚኖሩት፣ ልጃቸው አዲሱ በ1970 ከቤቱ ተወስዶ የቀረባቸው። ለቀበሌው አመልክተውብኛል። «የሊቀመንበር ጉግሳ ጸሐፊ ብቻ አልነበረችም፤ ሴቱም ነበረች። የልጄን ስም በታይፕ የጻፈችው እሷ ናት» ብለዋል። ያሉት ሁሉ ሐሰት አይደለም። ጸሐፊው ነበርኩ። ሴቱም ነበርኩ። የአዲሱን ስም ግን አላየሁትም፤ ባየው ኖሮ ያመልጥ ነበር። ይህንን እርስዎ ያውቃሉ።

ማን እንደላከኝ፣ ከዚያ ቢሮ የማወጣቸው የሚታሰሩ ልጆች ስሞች ለማን ይደርሱ እንደነበር፣ የሚያውቀው ሦስት ሰው ነበር፤ አጎቴ፣ ሚስቱ እርስዎና እኔ። አጎቴ መኳንንት እስር ቤት ሞተ፤ ያን ሁሉ ሲገርፉት ስሜን አልጠራም። ጉግሳም ምንም ሳያውቅ በኋላ ተገደለ። ያመለጡት ልጆች ማን እንዳስመለጣቸው አያውቁም። እኔ ስለ ራሴ ብናገር ማን ያምነኛል? የቀሩኝ እርስዎ ነዎት።

በኅዳር መጨረሻ በቀበሌው አዳራሽ ግምገማ ይቀመጥብኛል። ሕዝብ ባለበት ይጠይቁኛል። ምስክር ካለኝ ይሰማሉ፤ ከሌለኝ ጉዳዩ ወደ ሕግ ይመራል፤ ያው መታሰሬ ነው። ፅዮን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለች፤ እኔ እዚያ ሰውዬ ቤት ምን ስሠራ እንደነበር ግን አታውቅም። ነግሬያት አላውቅም።

አንድ ገጽ ይጻፉልኝ። «ይህች ልጅ በኅቡዕ ድርጅቱ የተላከች ነበረች» ብለው ፈርመው፣ በአገሩ ማኅተም አስመትተው ይላኩልኝ። ገንዘብ አይላኩ። የምፈልገው ይኸው ነው።

እርስዎን ብቻ ተስፋ ያደረገች
የሺሃረግ


ጋርላንድ፣ አሜሪካ፣ ኅዳር 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለየሺሃረግ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ወይዘሮ የትምወርቅ የጻፍሽው አሳዝኖኛል። ልጅ ያጣች እናት ናቸውና አትቀየሚያቸው። ፈጣሪ ፍርዱን ያውቃል።

እኔ ደኅና ነኝ። ሥራዬ ያው አረጋውያኑ ቤት ልብስ ማጠቡ ነው። አንሶላው አያልቅም። ስጨርስ አውቶቡሱ ቤተ መጻሕፍቱ ፊት ያወርደኛል፤ እስኪዘጋ እዚያ ነኝ። አሁን የያዝሁት መጽሐፍ ስለ ቻይና ጀግኖች ሴቶች ነው። መዝገበ ቃላቱን አጠገቤ አድርጌ በቀን ሁለት ሦስት ገጽ እገፋለሁ። ቺን ሊያንግዩ የምትባል አንዲት የጦር መሪ አለች። ባሏ የአገሩ ገዥ ነበር፤ ተከሶ እስር ቤት ሞተ። እሷ የባሏን ሹመት ተረክባ ጦሩን ራሷ መራችው። ወታደሮቿ በአንድ ጫፉ መንጠቆ፣ በሌላው ጫፉ ቀለበት ያለው ነጭ ዘንግ ይይዙ ነበር አሉ። ገደል ሲገጥማቸው የአንዱን መንጠቆ በሌላው ቀለበት እያያዙ ተንጠላጥለው ይወጡበታል። ይህንን ሳነብ መጽሐፉን አጠፍሁት። የእኔም ባል እስር ቤት ነው የሞተ። እኔ ምኑን ተረከብሁ?

መኳንንት እነዚያን የቻይና መጽሔቶች ሲያመጣ ትዝ ይልሻል? እኔ እየተንተባተብሁ አነብልሽ ነበር። የሺ ሺን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳስደገምሽኝ! ወንዝ ዳር ሐር የምታጥበዋ ቆንጆ ልጅ፣ አገሯ በተሸነፈ ጊዜ ለጠላት ንጉሥ እንደ ስጦታ ተላከች፤ እሱን አስታ መንግሥቱን አስጣለችው። መኳንንት የድብቅ ስምሽን ከዚያ አወጣልሽ። ቢሮ ውስጥ ሺሺ ብለው ሲጠሩሽ የየሺሃረግ ቁልምጫ እየመሰላቸው ማንም አልጠረጠረም።

ግራንድ ፕሬሪ በሚባል ቅርብ ከተማ የሚኖር ልጅ፣ ዮናስ የሚባል፣ ለገና ወደ አገር ቤት ይመጣል። ለፅዮን ሹራብና ጫማ ሰድጃለሁ። ብርዱን ተጠንቀቁ።

አክስትሽ
እታለማሁ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለእትዬ እታለማሁ

ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ደብዳቤዎን አነበብኩ። ከዚያ ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ፖስታውን ቀድጄ ውስጡን አየሁ። የለመንኩዎት ገጽ የለም።

ግምገማው ተቀምጦብኛል። «ምስክርሽን ጥሪ» ሲሉኝ «ምስክሬ አሜሪካ ናት» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «እኛንም ምስክር ፍለጋ አሜሪካ ይላኩና!» አለ። ሰብሳቢው ራሱ ሳቀ። ቢሆንም ጊዜ ሰጡኝ፤ እስከ የካቲት 24። ሌላ ቀጠሮ እንደማይኖር በግልጽ ነግረውኛል።

ስለ ቻይናዋ የጦር መሪ የጻፉትን ወድጄዋለሁ። ለሺ ሺም ንጉሥ ደረሳት። ለእኔ የደረሰኝ ሽጉጡን ትራስ ሥር ከቶ የሚያንኮራፋ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው። በመጽሐፉ ላይ የሰውየው አፍ ጠጅ ጠጅ ይሸት እንደነበር ተጽፏል? ልጅቱ ሌሊት ተነሥታ ታስታውክ እንደነበርስ?

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስጨነቅ አፌ ይበላሻል። ያችን አንድ ገጽ፣ በእናትዎ።

የሺሃረግ


አዲስ አበባ፣ ጥር 14 ቀን 1987 ዓ.ም.

እታለማሁ፣

ዛሬ አንቺ ልበልሽ። ያልመለስሽልኝ ለምን እንደሆነ አሁን አውቄያለሁ።

ዮናስ የላክሽውን ዕቃ ይዞ ትናንት መጣ። ምሳ አቀረብኩለት። ጨዋ ልጅ ነው። እየበላ «እትዬ እታለማሁ እኮ እኛ ዘንድ ሌጀንድ ናቸው» አለኝ።

«እንዴት ማለት?» አልኩት።

«ማለቴ፣ ዝምተኛ ናቸው፤ ግን የዛሬ ዓመት የሴቶች ቀን ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ ነው ያጨበጨበላቸው። አልነገሩሽም እንዴ? ቀበሌ ውስጥ ታይፒስት ሆነው ገብተው እኮ ነው! ሊቀመንበሩን የወደዱት መስለው፣ ሶ፣ ማታ የሚታሰሩትን ስም ቀን ያወጡ ነበር። ሺሺ ነበር የድብቅ ስማቸው። እኛ አሁንም አንዳንዴ ሺሺ እንላቸዋለን።»

ፅዮን ሳህን እያነሳች ነበር። ቆመችና «ውይ፣ እንዴት ጎበዝ ናቸው!» አለች። ልጄ እኔ በሠራሁት አንቺን አደነቀች።

«እኔ ነኝ» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አስቢው። ሰፈሩ ሁሉ የጉግሳ ሴት እያለኝ፣ ግምገማ ተቀምጦብኝ፣ ሰው ከአሜሪካ መጥቶ ስለ ጀግና አክስቷ ሲያወራ «እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ» ብላት የሰው ክብር የምቀማ ነው የምመስላት። ሳህኑን ከእጇ ተቀብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

አሜሪካ ለመግባት ካርቱም ላይ ስትጠየቂ ለምን እንዳደረግሽው ይገባኛል። ስደተኛው ሁሉ ኬዝ የሚሉትን የስደት ታሪክ ይዋዋስ እንደነበር ሰምቻለሁ። ባሏ የሞተባት፣ ቤት ተቀምጣ መጽሔት የምታነብ ሴት ብለሽ ብትገቢ አያሳልፉሽም ነበር። የእኔን ተናገርሽ፤ አለፍሽ። ከዚያም ኖረሽበታል። አልተቀየምኩሽም፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። እኔ ያኔ ታሪኩ ለምንም አይጠቅመኝም ነበር። አሁን ግን ልታሰርበት ነው። መልሺልኝ።

የካቲት 24።

የሺሃረግ


ጋርላንድ፣ የካቲት 22 ቀን 1987 ዓ.ም.

የሺዬ፣

ሰላም እንዳልልሽ በምን አፌ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ጡቴ ሥር ይዤው ሥራ እሄዳለሁ፤ ይዤው እተኛለሁ።

አንቺ ስላልሽኝ አመስግኜሻለሁ። ከዚያ በላይ ልትይ ስትችይ ነው እሱን ብቻ ያልሽው።

መጀመሪያ ወደ ሌዊስቪል ከተማ፣ ወደ እንድሪያስ ሄድሁ። ካርቱም ላይ ያስተረጎመልኝ እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ የሰውን ፎርም ሁሉ የሚሞላው እሱ ነው። ነገሩን ስነግረው ከወንበሩ ተነሣ።

«እታለም፣ አብደሻል? ኢሚግሬሽን ላይ ሌላ ብለሽ፣ አሁን ማኅተም በሚመታው ኖተሪ ፊት ሌላ? ሲትዝንሺፕሽ እኮ ፕሮሰስ ላይ ነው!»

«ልጅቱ ልትታሰር ነው።»

«ሶሪ። በጣም ሶሪ። ግን አንቺ ዲፖርት ተደርገሽ ብትመለሺ እሷ ትፈታለች? ኦኬ፣ ገንዘብ ላኪላት።»

«ገንዘብ አትላኪ ብላኛለች።»

«እንግዲያስ ጸልዪላት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ እኔን እንዳትጠሪኝ። እኔ የተረጎምሁት አንቺ የነገርሽኝን ነው። ያንቺ እንዳልሆነ ማን ነገረኝ?»

እውነቱን ነው፤ የነገርሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ካርቱም ላይ ከእኔ ፊት የገቡትን ሲመልሷቸው እያየሁ ነበር። ተራዬ ደርሶ «አንቺ ምን አደረግሽ?» ሲሉኝ «ምንም» ማለት ነበረብኝ። ስሞቹን አምጥተሽ ለመኳንንት ስትሰጪው እኔ ሻይ ሳፈላ ነበር። አፌን ስከፍት ግን አንቺ ወጣሽ። ታይፑ፣ ቢሮው፣ ሺሺ፣ ሁሉም። ፈረንጁ ብዕሩን አስቀምጦ በአክብሮት አየኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያየኝ ሰው አልነበረም፤ መኳንንት እንኳ።

እዚህ ስመጣ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። አላወራሁትም፤ አላስተባበልሁትምም። ሰው ዝምታዬን ትሕትና አደረገው።

ሌላም አለ። ያኔ ስለ ሺ ሺ ስነግርሽ፣ መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ከሚወዳት ሹም ጋር ጀልባ ተሳፍራ በሐይቁ ላይ ሄደች ብዬሽ ነበር። መጽሔቱ ላይ ሁለተኛ ወሬ ነበረ፤ ዘለልሁት። የገዛ ወገኖቿ ውሃ ውስጥ ጣሏት ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ ዓይንሽን እያየሁ ጀልባውን መረጥሁልሽ። በማግሥቱ ለመኳንንት «እገባለሁ» አልሽው።

ዛሬ ጠዋት ማኅተም ወደሚመቱበት ባንክ ሄጄ ፈረምሁ። በአማርኛ ጻፍሁት፤ ማኅተም የምትመታው ልጅ ምን እንደሚል አታውቅም። ቀኝ እጄን አስነሥታ አስማለችኝ፤ ማኅተሙን ጫነችው፤ መልካም ቀን ይሁንልዎ ብላ ሸኘችኝ። «ሺሺ የተባለችው የሺሃረግ ናት። እኔ አይደለሁም። ድርጅቱ የላካት በባሌ እጅ ነው። ያወጣቻቸውን ስሞች በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል። በፈጣን መልእክት ልኬዋለሁ። በአምስት ቀን ይደርሳል አሉኝ።

ቀኑ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ለቀበሌው ስልክ ደውዬ ነበር። አንድ ሰው አንሥቶ «ማን ልበል?» ሲለኝ የትኛውን ስም እንደምጠራ ጠፋኝ። ዘጋሁት። እንደገና ብደውል ማንም አላነሣውም። የሺዬ፣ ምናልባት ቀጠሮው ይገፋ ይሆናል። ይገፋ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።

እታለማሁ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለእትዬ እታለማሁ

አልተገፋም።

ወረቀትዎ በሳምንቱ ደረሰ። አንብቤ አለቀስኩ። ጥሩ አድርገው ጽፈውታል። ከዚያ እሳት ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

የካቲት 24 አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ፅዮን አልመጣም ብላ ነበር፤ ኋላ ሳይ በሩ አጠገብ ከጓደኛዋ ከማራኪ ጋር ተቀምጣለች። ወይዘሮ የትምወርቅ ተነሡ። አልጮሁም። «ይህችን ልጅ ጡት ስትጠባ አውቃታለሁ። ልጄ ከቤት ሲወጣ በመስኮት ታይ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ትንገረኝ፤ ሲወስዱት ታውቅ ነበር?» አሉ።

«አላወቅኩም እማማ» አልኩ።

«ታዲያ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?»

ምን ልበል? የሰው ስም ሳወጣ ነበር ብል «የማን?» ይሉኛል። ማስረጃ የለኝም። ሰብሳቢው «ምስክርሽስ?» አለ። «አልደረሰችም» አልኩት። «እንግዲህ ሁለት መንገድ አለሽ። ግለ ሂስ አድርጊና ሕዝቡ ይፍረድ፤ አለዚያ ወደ ሕግ እንመራዋለን» አለኝ።

እትዬ፣ የሚገርምዎ ያንን ግለ ሂስ የሚሉትን ነገር እኛው ነን ከእነዚያ መጽሔቶች የለመድነው። አጎቴ ሲያስተምረን እንስቅበት ነበር። ቆሜ አደረግኩት። «ማንም አልላከኝም። ለዱቄትና ለዘይት ብዬ በፈቃዴ የሰውየው ሴት ሆንኩ። ያየሁትን አይቼ ዝም አልኩ። ይቅር በሉኝ» አልኩ። ሕዝቡ ማልቀስ ጀመረ። ወይዘሮ የትምወርቅ መጥተው አቀፉኝ። «ይኸው ነበር የፈለግሁት፣ ይኸው ነበር» እያሉ አንገቴ ላይ አለቀሱ። ጉዳዩ ወደ ሕግ አይመራ ተባለ። ከሥራ ተሰናብቻለሁ፤ ቤቴ ግን ገብቻለሁ።

ቀና ስል ፅዮን አልነበረችም። ማራኪ ቤት ናት። በር ላይ ሄጄ ቆሜ ነበር። ማራኪ ወጥታ «አንቺን ማየት አልፈልግም ብላለች» አለችኝ። ልጄን ለማሳደግ ብዬ ነው ያደረግኩት፤ የሰማችው ግን እሷ ሆነች።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ የእርስዎን ወረቀት ላውጣ? በሕዝብ ፊት የተናገርኩትን ሐሰት ነው ልበል? እኚያን እናት ከአንገቴ ላይ ላላቅቃቸው? አሁን ሰላም አግኝተዋል። ሁለት ቃል የሰጠ ሰው በሁለቱም አይታመንም። ስለዚህ ስሙ ይቅርልዎ። እኔ ጥዬዋለሁ። እዚያ ቢያንስ ያጨበጭቡለታል።

ደግመው ስለዚህ ነገር አይጻፉልኝ። ጤና ይስጥልኝ።

የሺሃረግ


ጋርላንድ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1987 ዓ.ም.

በትምህርት ቤቷ አድራሻ ይድረስ ለፅዮን

ልጄ፣ እኔ እታለማሁ ነኝ፤ ሹራቡን የላክሁልሽ የእናትሽ የአጎቷ ሚስት። የትምህርት ቤትሽን ስም የነገረኝ ዮናስ ነው። እናትሽ ስለዚህ ነገር እንዳልጽፍላት ከልክላኛለች። አንቺን ግን አላለችኝም።

ዮናስ የነገረሽ ታሪክ የእኔ አይደለም። ጸሐፊ ሆና የገባችው፣ ስም ያወጣችው፣ ሺሺ የተባለችው እናትሽ ናት። እኔ በእሷ ታሪክ ተሻግሬ እዚህ መጣሁ፤ እንደ ራሴ አድርጌም ኖርሁበት። አዳራሽ ውስጥ የሰማሽውን የተናገረችው የእኔ ምስክርነት በጊዜው ስላልደረሰላት ነው። እንዲዘገይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ታስራ አንቺ ብቻሽን እንዳትቀሪ ብላ ነው በራሷ ላይ የዋሸችው።

በፋሲካው ማግሥት እዚህ የአገር ልጆች ማኅበር ተሰብስቦ ነበር። ተነሣሁና «ሺሺ እኔ አይደለሁም። እሷ አዲስ አበባ ናት፤ የሺሃረግ ትባላለች። እኔ ምንም አላደረግሁም» አልሁ። አንዲት ሴት «ትሕትናቸውን ተመልከቱ!» አለች። ተነሥተው አጨበጨቡልኝ፤ ከበፊቱ ይልቅ አብዝተው። «እውነቴን ነው» ብዬ ጮህሁ። በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም። እንድሪያስ ክንዴን ይዞ «ደክሟቸዋል» እያለ አስቀመጠኝ። የዜግነት ማመልከቻዬን በማግሥቱ አንሥቻለሁ፤ የመጣው ይምጣ። የእዚህን ሰው ግን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

እኔ በማነበው መጽሐፍ ውስጥ ጦር የመራችዋ ሴት ከጄኔራሎቹ ጋር ተጽፋለች። ሰላይዋን ግን ሰው ሁሉ እንደ ፈቀደ ይጨርሳታል፤ አንዱ በጀልባ ያሳፍራታል፣ ሌላው ያሰጥማታል። እሷን የጠየቃት ሰው የለም።

ልጄ፣ እኔን ባታምኚኝ እውነት አለሽ። ቤትሽ ሂጂና እናትሽን ጠይቂያት። መጀመሪያ ምንም አትነግርሽም፤ የተናገርኩት ልክ ነው ትልሻለች። ያን ጊዜ ተነሥተሽ አትውጪ። አጠገቧ ተቀመጪ። እስክትነግርሽ ድረስ ተቀመጪ።

እታለማሁ